የተዋረደው አድሚራል በኮምቦልቻ፦ የአንድ ሻይ ቤት የቅዳሜ ምሽት ንባብ

ባለፈው ቅዳሜ 150 ብር ከፍዬ፣ ባሕር በሌለባት ኮምቦልቻ፣ በአንድ ሻይ ቤት ውስጥ አንድ የእንግሊዝ ባሕር ኃይል አዛዥ ሲሾም፣ ሲያፈገፍግ፣ ሲከሰስና ሲረሸን ተመልክቼ ተመለስኩ። ቤቱ በየአሥራ አምስት ቀኑ ቅዳሜ ምሽት የስላቅ ንባብ ያቀርባል። የመግቢያው ዋጋ አንድ ብርጭቆ ሻይን እንደሚጨምር በበሩ መስታወት ላይ በተለጠፈ ወረቀት ተጽፏል፤ ወደዚህ ወረቀት በኋላ እመለስበታለሁ። የቤቱንም ሆነ የአንባቢውን ስም አልጠቅስም፤ ሁለቱም ጀማሪዎች ስለሆኑ የምሰነዝረው ቅሬታ ስማቸውን ተከትሎ እንዲዞር አልፈልግም። ሥራቸው ግን ዝም ተብሎ የሚታለፍ አይደለም።

የምኖረው ደሴ ነው። ጦሳ ጉሙን ሳያወልቅ በሚውልበት በዚህ ወቅት ሐረጎን ወርዶ የኮምቦልቻን ሙቀት ማግኘት ብቻውን ለጉዞ በቂ ምክንያት ይሆነኛል። ቤቱ ስደርስ ከምሽቱ 12 ሰዓት ተኩል ነበር፤ ማስታወቂያውም የሚለው ይህንኑ ነው። ንባቡ የተጀመረው ግን 1 ሰዓት ከ20 ላይ ነው። መግሪብ ሊሰግዱ የወጡ ታዳሚዎች እስኪመለሱ መጠበቁ ተገቢ ስለሆነ ማንም ቅር አላለውም፤ ማጉረምረም የጀመርነው ሰጋጆቹ ተመልሰው፣ ሻያቸውን ጠጥተው፣ «ገና ነው እንዴ?» ብለው እኛኑ ከጠየቁን በኋላ ነው። ምክንያቱ ማይክሮፎኑ ነበር። ይጮኻል፣ ይጠፋል፣ ደግሞ ይጮኻል። አንዱ ልጅ ገመዱን በፕላስተር ሲጠቀልል፣ ሌላው መሰኪያውን ሲነቅልና ሲሰካ ጊዜው ነጎደ። በመጨረሻ አንባቢው ማይክሮፎኑን ጠረጴዛ ላይ አጋድሞ በገዛ ድምፁ አነበበ፤ ሠላሳ ሰው የማይሞላው ያ ክፍልም ከዚያ የበለጠ አይጠይቅም ነበር። የቤቱ ባለቤት ምክር የሚቀበሉ ከሆነ፣ ዕቃውን ለሰርግ ቢያከራዩት ይሻላል።

ስለ ምግቡ የምለው ብዙ አይደለም። የምስር ሳምቡሳው ትኩስ ነው፤ በሻዩ ውስጥም ቅርንፉዱና ቀረፋው በልኩ ገብቷል። የእንቁላል ሳንዱች ያዘዝኩት ግን ለሆዴ ብቻ አልነበረም፤ ማዮኔዝ ስላለበት ነው። ማዮኔዝ ስሙን ያገኘው በሜዲትራኒያን ባሕር ላይ በምትገኘው የሚኖርካ ደሴት ካለችው ከማሆን ወደብ ነው የሚል የቆየ ወግ አለ፤ ፈረንሳዮች እ.ኤ.አ. በ1756 ደሴቲቱን ሲይዙ የጦር አለቃቸው ወጥ ቤት ፈጠረው ይባላል። የወጉን እውነትነት ምግብ ዐዋቂዎች ይከራከሩበት፤ የምሽቱ አድሚራል የተዋረደው ግን በዚያችው ደሴትና በዚያው ዓመት ነው። አንባቢው ይህን ነገር ቢያነሣው ኖሮ፣ ግማሹ ታዳሚ በእጁ የያዘውን ሳንዱች በሌላ ዓይን ባየው ነበር። አላነሣውም። እኔም ብቻዬን በሌላ ዓይን እያየሁ በላሁት። ዳቦው ደረቅ ነበር።

አንባቢው በአካባቢው የሚያስተምር ወጣት ነው፤ ጽሑፉም የራሱ ነው። ወደ መድረኩ ሲወጣ የያዘው ሦስት ነገር ብቻ ነበር፦ በእጅ የተጻፈ ወረቀት፣ የልብስ ሰፊ መቀስና ነጭ መሐረብ። መድረክ ያልኩት በለስላሳ ሳጥኖች ላይ የተጋደመ ጣውላ ነው፤ በየእርምጃው ሲጢጥ ይላል፤ ለመርከብ ታሪክ ግን ከዚያ የተሻለ መድረክ አይገኝም። «ጽሑፉ ርእስ ነበረው፤ ቆርጠው አስቀሩብኝ» ብሎ ጀመረ። ሳቁ ከፊት ወንበር ተነሥቶ ወደ ኋላ እስኪደርስ ጠበቀና ቀጠለ። የሳቅን መጠበቂያ ልክ የሚያውቅ አንባቢ በየቦታው አይገኝም፤ አብዛኞቹ ታዳሚው ሳይስቅ ይቀድማሉ፣ ወይም ራሳቸው ይስቃሉ።

አድሚራሉ ጆን ቢንግ ይባላል። አባቱ ስመ ጥር አድሚራል ስለነበር የባሕሩን ሕይወት የተቀላቀለው ገና በልጅነቱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1756 ፈረንሳዮች በእንግሊዝ እጅ የነበረችውን ሚኖርካን ሲያጠቁ፣ የሎንዶን መንግሥት አሥር የጦር መርከቦች ሰጥቶ «ሄደህ አድናት» አለው። መርከቦቹ የተሟላ ሠራተኛ አልነበራቸውም፤ ከመካከላቸውም ውሃ የሚያስገቡ ነበሩ። በዚያው ዓመት ግንቦት 20 ቀን ከደሴቲቱ አጠገብ ከፈረንሳይ መርከቦች ጋር ተዋጋ፤ ውጊያው ያለ አሸናፊ ተቋጨ። ቢንግ ከአራት ቀን በኋላ መኮንኖቹን ሰብስቦ መከረና ወደ ጂብራልታር ተመለሰ፤ በደሴቲቱ ምሽግ ውስጥ የቀረው ጦርም ከሳምንታት በኋላ እጁን ሰጠ። እንግሊዝ አገር ሕዝቡ ተቆጣ፤ የአድሚራሉ ምስል በየአደባባዩ ተቃጠለ፤ የሚያፌዙበት ዘፈኖችና ሥዕሎች በገበያ ተሸጡ።

የንባቡ የመጀመሪያ ክፍል ከእነዚያ የገበያ ዘፈኖች ብዙም አይርቅም፤ ትልቁ ቅሬታዬም ይኸው ነው። ለሃያ ደቂቃ ያህል የቀረበልን በመታጠቢያ ሳፋ ውሃ የሚታወክ፣ ከሆዱ ስፋት የተነሣ መልሕቁን ማየት ያቃተው፣ የፈረንሳይ መድፍ ሲጮኽ ቁርስ ደረሰ ብሎ የሚጠይቅ ሰው ነው። ታዳሚው ስቋል፤ እኔም አንድ ሁለቴ ሳልወድ ስቄያለሁ። ነገር ግን ይህ ቧልት ነው እንጂ ስላቅ አይደለም። የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል ይባላል፤ ይህ ዛፍ ከወደቀ ደግሞ 260 ዓመት አልፎታል። ከሎንዶን ገበያ ወጥቶ ሐረጎ ሥር የደረሰ ምሳር ቢያንስ የሚፈልጠው ሌላ ግንድ ሊኖረው ይገባል። በዚያ ላይ ነገሩ ከእውነቱ ጋር አይገጥምም፤ ቢንግ በዳኞቹም ፊት ቢሆን በፈሪነት አልተፈረደበትም። ጸሐፊው ፈሪ አድርጎ ከሣለው በኋላ በጽሑፉ መጨረሻ «ፈሪ አልነበረም» ብሎ ሊያሳዝነን ሲሞክር፣ የራሱን ቀለም በራሱ እጅ ሊያጥብ እንደሚታገል ሠዓሊ ሆኖብኛል።

ከዚያ በኋላ የመጣው ግን ሌላ ነገር ነው። አራቱ ቀናት አልፈው አድሚራሉ መኮንኖቹን ለምክር ሲሰበስብ፣ ወጣቱ ወረቀቱን አጥፎ፣ መነጽሩን ወደ አፍንጫው ጫፍ አውርዶ፣ ድምፁን ለወጠ። የመርከብ ምሰሶ ተሰብሯል፣ ቁስለኛ ያቃስታል፣ የስብሰባው ቃለ ጉባኤ ያዥ ግን በቅድሚያ ያለፈው ስብሰባ ቃለ ጉባኤ ይነበብ ይላል። አንዱ መኮንን የሥነ ሥርዓት ጥያቄ አለኝ ብሎ ይነሣል። ሌላው «አብዛኛው በቀደሙት ተናጋሪዎች ተነሥቷል፤ ለማጠናከር ያህል ግን» ብሎ ጀምሮ የተባለውን ሁሉ ከሀ እስከ ፐ ይደግመዋል። በስተጀርባ ተቀምጦ የነበረው ሦስተኛው፣ ወደ ጂብራልታር መመለሱን በመርህ ደረጃ እደግፋለሁ፤ ይሁንና የውሎ አበሉ በማሆን ሒሳብ ነው ወይስ በጂብራልታር ሒሳብ ይታሰባል ሲል ማብራሪያ ይጠይቃል። እዚህ ላይ ከእኔ አጠገብ የተቀመጡ፣ በአለባበሳቸው የመንግሥት ሠራተኛ የሚመስሉ ሰውዬ ሻያቸው ትን ብሏቸው ጀርባቸውን እስኪመቱላቸው ድረስ ሳቁ። ይህ ክፍል ያሳቀው ስለ እንግሊዝ አድሚራል ስለነገረን ብቻ አይደለም፤ እያንዳንዳችን በዚያ ሳምንት አንድ እንዲህ ያለ ስብሰባ ስለተቀመጥን ነው። አድሚራሉን መቀለጃ ከማድረግ አውጥቶ መስተዋት አደረገው።

የምሽቱ ከፍታ የመጣው በመቀሱ ነው። ቢንግ ስለ ውጊያው ለአለቆቹ የጻፈው ደብዳቤ በመንግሥት ጋዜጣ ላይ ሲወጣ፣ ለእሱ የሚያግዙት ክፍሎች ተቆርጠው ስለነበር አንባቢ ዘንድ የደረሰው የሸሸ ሰው ቃል ሆኖ ነው። በቂ መርከብና ሰው ሳይሰጡ የላኩት ሹማምንት ራሳቸውን ለማዳን ሲሉ አደረጉት የሚለው ክስ በዚያው ዘመን የተነሣ ነው። ወጣቱ ይህን በቃል አላስረዳንም። ራሱ የደረሰውን አንድ ደብዳቤ አወጣና ሙሉውን አነበበ፦ «ክቡራን ሆይ፣ መርከቦቼ ውሃ ቢያስገቡም ተዋጋሁ፤ ሰው ባይኖረኝም ተዋጋሁ፤ ምሽጉን የማድንበት ወታደር ስላልሰጣችሁኝ፣ የቀረችዋን ጂብራልታርን ለመጠበቅ ተመለስኩ።» ከዚያ መቀሱን አንሥቶ ወረቀቱን በዝግታ ይቆርጥ ጀመር። ቁራጩ በወደቀ ቁጥር የተረፈውን ያነባል። «መርከቦቼ ውሃ ቢያስገቡም» ወደቀች። «ሰው ባይኖረኝም» ወደቀች። ክፍሉ ጸጥ አለ፤ የሚሰማው የመቀሱ ድምፅ ብቻ ሆነ። በመጨረሻ በጣቶቹ መካከል የቀረችው ከክብሪት ሣጥን የማትበልጥ ቁራጭ ነበረች፤ ወደ መብራቱ አስጠግቶ «ክቡራን ሆይ፣ ተመለስኩ» ብሎ አነበባት።

ልክ በዚያች ቅጽበት የቡና ማሽኑ እንፋሎቱን ለቀቀው። ማኪያቶ ያዘዘው ሰው ጥፋት የለበትም፤ ቡና አፍዪውም ሥራውን ነው የሠራው። ጥፋቱ ማሽኑን ከአንባቢው ጀርባ በሁለት ክንድ ርቀት ያስቀመጠው ሰው ነው። ቤቱ ለንባብ ገንዘብ ካስከፈለ፣ ንባቡ በሚቀርብበት አንድ ሰዓት ተኩል ውስጥ ጀበናና ቴርሞስ ብቻ ቢሠሩ ኪሳራ አይደርስበትም፤ የጁስ መምቻውንስ ለጊዜው ዝም ማሰኘት ምን ይከብዳል? እንዲህ ያለ ጸጥታ ለመፍጠር አንባቢው ሃያ ደቂቃ ደክሟል፤ ማሽኑ ግን በአንድ ትንፋሽ በተነው። ከዚያ ምሽት ሁሉ የሚቆጨኝ ይህ ነው፤ ከዘገየው ሰዓትም፣ ከደረቀው ዳቦም ይልቅ።

የፍርዱ ክፍል አጠር ያለ ቢሆንም ጥርስ አለው። ቢንግን የዳኙት መኮንኖች በፖርትስመዝ ወደብ በቆመ መርከብ ላይ ተሰይመው ጉዳዩን ለአንድ ወር ያህል መረመሩና ፈሪም ከሐዲም አይደለህም፤ ነገር ግን የምትችለውን ሁሉ አላደረግህም አሉት። የባሕር ኃይሉ ሕግ እ.ኤ.አ. በ1749 ሲሻሻል ለዚህ ጥፋት ከሞት በቀር ሌላ የቅጣት አማራጭ ስላልተወላቸው ሞት ፈረዱበት፤ ወዲያው ደግሞ ንጉሡ ምሕረት ያድርግለት ብለው በአንድ ድምፅ ለመኑ። ንጉሥ ጆርጅ 2ኛ ልመናውን አልተቀበለም። ጸሐፊያችን ይህን ሁሉ በአንድ የሥራ አፈጻጸም ምዘና ቅጽ ላይ አስቀመጠው፦ ሰዓት አክባሪነት፣ በጣም ጥሩ፤ የደንብ ልብስ አጠባበቅ፣ በጣም ጥሩ፤ ከሥራ ባልደረቦች ጋር ያለው ግንኙነት፣ ጥሩ፤ ትጋት፣ መካከለኛ። «የምዘና ኮሚቴው ሠራተኛው ራሱን እንዲያሻሽል ቢመክርም፣ በመመሪያው መሠረት ይረሸን።» «በመመሪያው መሠረት» የምትለዋን ሐረግ ሲጠራት ድምፁን አላነሣም፣ አላጣመመም፤ ማናችንም በየመስኮቱ ስትነገረን እንደምንሰማት ደረቅ አድርጎ ተናገራት። ምጸት ማለት ይህ ነው።

የነጩ መሐረብ ነገር ቀስ ብሎ የገባኝ ነው። እስከዚያ ድረስ ወጣቱ ላቡን ይጠርግበታል፣ መነጽሩን ይወለውልበታል፣ በስብሰባው ክፍል ደግሞ የሊቀመንበሩ የጠረጴዛ ልብስ አድርጎት ነበር። ቢንግ የተገደለው እ.ኤ.አ. መጋቢት 14 ቀን 1757 በ«ሞናርክ» መርከብ ወለል ላይ ተንበርክኮ ነው፤ ዓይኑን በመሐረብ ሸፍኖ፣ ተኩሱ እንዲጀመር ምልክት የሰጠውም በእጁ የያዘውን ሌላ መሐረብ በመጣል ነው። ወጣቱ በዚህ ቦታ አንዲት ቃል አላነበበም። ምሽቱን ሙሉ ላብ የጠረገበትን ጨርቅ ወደ ጎን ዘረጋው፣ ጣቶቹን አላቀቀ፣ ጨርቁ ጣውላው ላይ ወደቀ። ሳጥኖቹ እንኳ ሲጢጥ አላሉም። እዚያው ላይ ቢያበቃ ኖሮ ከዚህ በታች የምጽፋቸው ሁለት ቅሬታዎች አይኖሩም ነበር።

አላበቃም። ጎንበስ ብሎ መሐረቡን አነሣና፣ አንድን አድሚራል አልፎ አልፎ መግደል ሌሎቹን ለማበርታት ጥሩ ነው የሚል ቃል ተናግሮ እጅ ነሣ። ጭብጨባው ከፍተኛ ነበር። ቃሉ ግን የእሱ አይደለም። ቮልቴር የተባለው ፈረንሳዊ ደራሲ እ.ኤ.አ. በ1759 በቢንግ ሞት ላይ የተናገረው ቀልድ ነው፤ በመላው ዓለም ሲጠቀስ ይኖራል። ቮልቴር ደግሞ ከሩቅ ሆኖ የቀለደ ብቻ አይደለም፤ ሚኖርካን የያዘው የፈረንሳይ የጦር አለቃ ቢንግን የሚከላከል ቃል እንዲሰጥ አድርጎ ለችሎቱ እንዲደርስ የጣረ ሰው ነው። ስሙን መጥራት የሁለት ሰከንድ ነገር ነበር። በእኛ አገር ቅኔ መዝረፍ ሌላ፣ የሰው ቅኔ መዝረፍ ሌላ ነው፤ አስተማሪ የሆነ ሰው ይህን ልዩነት ያጣዋል ብዬ አላምንም። በራሱ መቀስ የሚበቃውን ያህል ሠርቶ ሳለ የተውሶ ምላጭ ምን አስፈለገው?

ሁለተኛው ነገር የመጣው ከታዳሚው ነው። በንባቡ መካከል ወጣቱ ከወረቀቱ ወጥቶ ስለ ኮምቦልቻ አንድ ቃል ጣል አድርጎ ነበር፦ «እኛም ደረቅ ወደብ አለን፤ ደረቅ አዛዥ ግን ከወደቡ በፊትም አጥተን አናውቅም።» የምሽቱ ትልቁ ሳቅ ያን ጊዜ ነው የፈነዳው፤ ይገባዋልም። ሰሙ ኮንቴይነር ነው፣ ወርቁን ሁላችንም በየመሥሪያ ቤታችን እናውቀዋለን። በር አጠገብ ጋቢያቸውን ተከናንበው የተቀመጡ አንድ አዛውንት ግን ፊታቸው አልተፈታም። ንባቡ አልቆ አስተያየት ሲጠየቅ እጃቸውን አነሡ። በወጣትነታቸው ምጽዋ፣ «ኢትዮጵያ» በተባለችው መርከብ ላይ ባሕረኛ እንደነበሩ ተናገሩ። ይህች መርከብ እ.ኤ.አ. በ1962 ከአሜሪካ የተገኘች፣ በ1983 ዓ.ም. ደርግ ሲወድቅ ወደ የመን ሸሽታ እዚያው ለብረት ፍርስራሽ የተሸጠች ናት። ክፍሉ ውስጥ የነበረው ሁሉ ወደ እሳቸው ዞረ። ወጣቱ ተቆጥተው መስሎት «ይቅር ይበሉኝ፣ አባባ፤ እርስዎን ለማስከፋት አይደለም» አላቸው።

«ምን አስከፋኝ? ቆንጆ ነው ያነበብከው። ግን ልጄ፣ ነፋሱን አልነገርከንም። ነፋሱ በማን በኩል ነበር?»

ወጣቱ ወደ ወረቀቱ አየ። «እሱን አላነበብኩም፣ አባባ።»

«አብሽር። አንብበህ ትነግረኛለህ። ሸራ መርከብ ነዋ፤ ነፋሱ ሳይታወቅ እንዴት አድርጌ ልፍረድበት?»

ጥያቄው ቀልድ የሚመስለው ካለ ተሳስቷል፤ የጽሑፉን ትልቁን ጉድለት ከእኔ ቀድመው ያገኙት እሳቸው ናቸው። ነፋሱ በቢንግ በኩል ነበር፤ ይህ በሸራ ዘመን ለአጥቂ ትልቅ ብልጫ ነው። ወደ ጠላት የቀረበው ግን በሰያፍ ስለነበር የፊቶቹ መርከቦች ብቻቸውን እሳት ውስጥ ገቡ፤ የኋለኞቹ ገና ሩቅ ነበሩ። «ኢንትሬፒድ» የተባለችው መርከብ ምሰሶዋ ተመትቶ መንገድ ስትዘጋ፣ ከኋላዋ ያለው ሰልፍ ተደናቀፈ። በዚህ ጊዜ የራሱ መርከብ ካፒቴን ሰልፉን ትተን በቀጥታ እንግጠም ብሎ መከረው፤ ቢንግ እምቢ አለ። እምቢ ያለበትም ምክንያት አለው። ቶማስ ማቲውስ የተባለ ሌላ አድሚራል እ.ኤ.አ. በ1744 በቱሎን ውጊያ ሰልፉን ጥሶ በመግጠሙ ተከስሶ በ1747 ከባሕር ኃይሉ ተባርሯል። ማቲውስን ከዳኙት መኮንኖች አንዱ ጆን ቢንግ ራሱ ነበር።

እስኪ ይታያችሁ። አንዱ ሰልፉን ጥሶ ስለገጠመ ተባረረ፤ እሱን ያባረረው ደግሞ ሰልፉን ጠብቆ ባለመግጠሙ ተረሸነ። ጸሐፊው በሆድና በሳፋ ላይ ያጠፋውን ሃያ ደቂቃ ለዚህ ቢሰጠው ኖሮ፣ ያ የምዘና ቅጽ እጥፍ ድርብ በሆነ ነበር፤ በቅጹ ግርጌ የገምጋሚው ፊርማ የተገምጋሚው የራሱ ሆኖ ሲገኝ እንዴት ያለ ሳቅ፣ ከሳቁም በኋላ እንዴት ያለ ዝምታ ይወጣው እንደነበር ሳስበው አሁንም ይቆጨኛል። ሌላ ሰው ስለ ይቅርታው ጠይቆ ወጣቱ በትክክል መልሷል፦ የቤተሰቡ ተወላጆች እ.ኤ.አ. በ2007 ከሞት በኋላ ምሕረት እንዲደረግለት ጠይቀው የእንግሊዝ መከላከያ ሚኒስቴር አልተቀበላቸውም። «ይግባኙ እንኳ በመመሪያው መሠረት ነው» አለ፤ ይህች ያለ ወረቀት የተናገራት ቃል ከወረቀቱ መጀመሪያ ክፍል በሙሉ ትበልጣለች።

ለመሄድ ለሚያስብ ሰው የሚጠቅመውን ልንገር። ወንበሮቹ ፕላስቲክ ናቸው፤ ከአንድ ሰዓት በኋላ ጀርባ ይጠይቃሉ። ከግራ በኩል፣ ከቡና ማሽኑ ርቆ መቀመጥ ይሻላል። ከደሴ የሚመጣ ሰው ፕሮግራሙ እስኪያልቅ ከቆየ የመመለሻ ሚኒባስ እንደማያገኝ አስቀድሞ ይወቀው፤ እኔ ያደርኩት በርበሬ ወንዝ አካባቢ ከምትኖር አክስቴ ዘንድ ነው፤ እሷም ለአንድ እንግሊዛዊ ብዬ ሐረጎን መውረዴን ሰምታ ታዝባኛለች። 150 ብሩ አይቆጭም፤ ለመቀሱና ለመሐረቡ ብቻ እንኳ ሁለት እጥፍ እከፍል ነበር። ጽሑፉ የመጀመሪያ ክፍሉ ተቆርጦ፣ ነፋሱና ማቲውስ ገብተውበት እንደገና ከተነበበ ተመልሼ እሄዳለሁ፤ አዛውንቱም እንደሚመጡ ነግረውኛል።

ሒሳብ ስጠይቅ አስተናጋጇ ከሳምቡሳውና ከሳንዱቹ በታች «ሻይ፣ 25 ብር» ብላ ጽፋ አመጣችልኝ። ሻይ በመግቢያው ዋጋ ውስጥ ይካተታል ተብሎ በር ላይ ተለጥፏል አልኳት።

«ንባቡ ሳይጀመር ከጠጡት ነው፣ ጋሼ። እርስዎ ከተጀመረ በኋላ ነው ያዘዙት።»

«እንዲህ የሚል ነገር አላነበብኩም።»

«ከሥር ተጽፎ ነበር» አለች፤ ወደ በሩም አብራኝ ሄዳ ወረቀቱን አሳየችኝ። «ለመስታወቱ ስለረዘመ ጫፉን ቆረጥነው።»

25 ብሩን ከፈልኩ።